ዕዳ በከዋክብት መካከል

ስለ ጠፈር ጉዞ የተጻፉ ልብ ወለዶችን ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይነሣበት አይቀርም። ለመሆኑ የነዳጁን ሒሳብ ማን ይከፍላል? ጀግናው መንኮራኩሩን አስነሥቶ ከኮከብ ወደ ኮከብ ይወረወራል፤ የመሐንዲሱ ደመወዝና የሞተሩ ጥገና ግን አብዛኛውን ጊዜ ከገጹ ውጭ ይቀራሉ። ውሎዬ ከብድር ሰነድ ጋር የሆነ የባንክ ጸሐፊ ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህ ዝምታ ዘወትር ይቆረቁረኛል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ዝምታውን ስለ ሰበረ አንድ ጨዋታ ላወጋችሁ ነው።

ነገሩ የአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን ጨዋታ ለዓለም አቀረቡ። ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከበው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይላበሳሉ፤ አንዱ ተራኪም ዳኛም ይሆናል፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይስ ይወስነዋል። የዚያ ጨዋታ ጀግኖች ከዋሻ ወርቅ ያወጣሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ማርክ ሚለር በኢሊኖይ ግዛት በነበረው ጌም ዲዛይነርስ ወርክሾፕ በኩል «ትራቭለር» («ተጓዥ» እንደ ማለት ነው) የተሰኘውን አወጣ። በአንዲት ሣጥን ውስጥ ሦስት ትንንሽ ጥቁር መጻሕፍት ነበሩ። እዚህ ጀግናው አገልግሎቱን ጨርሶ የተሰናበተ ጎልማሳ ነው። በንግድ መርከብ ያገለገለ ከሆነና ዕድል ከቀናው፣ ከስንብት ጥቅሙ ጋር አንዲት መንኮራኩር ትደርሰዋለች። ከነዕዳዋ!

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። «ነፃ ነጋዴ» የምትባለው ባለ 200 ቶን መንኮራኩር ዋጋዋ 37,080,000 ክሬዲት ነው፤ ክሬዲት የጨዋታው ገንዘብ ነው። ገዢው 20 በመቶ ቅድሚያ ይከፍላል፤ ከዚያም የዋጋውን 240ኛ እጅ በየወሩ ለ480 ወራት ይከፍላል። ይህም በወር 154,500 ክሬዲት፣ ለ40 ዓመት ማለት ነው። ዕዳው ሲያልቅ ባለመርከቡ የዋጋውን 220 በመቶ ከፍሏል። በሙያዬ ሳሰላው ወለዱ በዓመት 5 ከግማሽ በመቶ ገደማ ይመጣል። ወለዱስ ለዘብ ያለ ነው፤ የሚያስፈራው የዕዳው ዕድሜ ነው።

አንድ የኮከብ ዝላይ ሳምንት ያህል ይፈጃል። በወደብ ከሚያልፈው ሳምንት ጋር በወር ሁለት ጉዞ ይሆናል። መንኮራኩሯ ሞልታ ብትሄድ 82 ቶን ጭነት በቶን 1,000 ክሬዲት፣ በከፍተኛው ማዕረግ የሚጓዙ ስድስት ተሳፋሪዎች በነፍስ ወከፍ 10,000፣ እንደ በድን በርደው ተኝተው የሚጓዙ 20 ድኾች በነፍስ ወከፍ 1,000 ያስገባሉ፤ ድምሩ 162,000። ወጪውስ? የዕዳው ድርሻ 77,250፤ ለተሳፋሪውና ለሠራተኛው አየርና ስንቅ 22,000፤ 30 ቶን የተጣራ ነዳጅ 15,000፤ የአብራሪ፣ የመሐንዲስ፣ የሐኪምና የአስተናጋጅ ደመወዝ 7,500፤ የዓመታዊው ጥገና ድርሻ 1,500 ያህል። ድምሩ ከ123,000 ይበልጣል። ከገቢዋ ሦስት አራተኛውን ያላገኘች መንኮራኩር እየከሰረች ትበራለች። ከወጪው ከግማሽ በላይ የሆነው ነዳጁ ሳይሆን ዕዳው መሆኑንም ልብ ይሏል።

ታሪኩ የሚወለደው እንግዲህ ከዚህ ጉድለት ነው። ያልተጣራ ነዳጅ በቶን 500 መሆኑ ቀርቶ 100 ክሬዲት ብቻ ነው፤ ከግዙፍ የጋዝ ፕላኔቶች ሰማይ ጠልቀው ከቀዱትማ በነፃ ይገኛል። ነገር ግን ያልተጣራው ሞተር ያበላሻል፣ ዝላይ ያስታል፣ ካልታሰበ ሰማይ ይጥላል። በብርድ የተኙትም ሲደርሱ ዳይስ ይጣልላቸዋል፤ የሠለጠነ ሐኪም ከሌለ በአማካይ ከስድስቱ አንዱ አይነቃም። ይህ የድኻ ጉዞ የመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ሲ. ተብ ከ1967 ጀምሮ ካሳተማቸው የዱማሬስት ልብ ወለዶች ነው። በልብ ወለዱ የአንድ ተጓዥ ዕጣ የነበረው፣ በጨዋታው ከገቢ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ሆነ። እንዲህ ያለውን መስመር ሳነብ ብዕሬ ቀጥ ይላል፤ አኃዝ የሰውን ነፍስ ምን ያህል በጸጥታ እንደሚሸፍን ስለማውቅ።

ሌላም ድንቅ ነገር አለ። በዚያ ዓለም ከመንኮራኩር የሚቀድም መልእክት የለም፤ ወሬ የሚጓዘው በጭነት ተሳፍሮ ነው። ስለዚህ ዕዳውን ክዶ የኮበለለ ሰው ስሙ እስኪደርስበት ድረስ ነፃ ነው። ይህ በሸራ መርከብ ዘመን የነበረው የባሕር ነጋዴ ዓለም ነው፤ አበዳሪ ተበዳሪውን በነፋስ ፍጥነት ብቻ የሚያሳድድበት። ሚለር መጪውን ዘመን ሲሥል ያለፈውን ዘመን አነሣልን።

የመጀመሪያው ሣጥን ሽፋን ላይ የሰፈረው የድረሱልኝ ጥሪ ነበር። ጠሪዋ የተመታች ነፃ ነጋዴ ናት፤ ስሟም ቤኦውልፍ። የጥንቱ የእንግሊዝኛ ግጥም ጀግና ቤኦውልፍ በስተርጅና ወርቅ ከሚጠብቅ ዘንዶ ጋር ተዋግቶ ሞተ። የጠፈሩ ቤኦውልፍ ግን የሚወጋው ዘንዶ፣ የሚወርሰውም ወርቅ የለውም፤ ያለው የወር መጨረሻ ነው። አሳታሚው ድርጅት በ1996 ቢዘጋም ጨዋታው በሌሎች አሳታሚዎች እጅ እስከ ዛሬ አለ። ያቆየው የጦር መሣሪያው ብዛት አይመስለኝም። ጀግንነት ማለት አንዳንዴ ባዶ ታንክና የደረሰ ክፍያ ይዞ፣ የተኙትን ሳይገድሉ፣ ከሚቀጥለው ወደብ መድረስ መሆኑን ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ይህን ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር ከመስኮቴ ፊት የሚሰለፉት ሰዎች፣ ጠፈር ሳይወጡ፣ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ቸር እንሰንብት።