ሽጉጡን ያስቀረው ሕግ

ከባለቤቱ ሌላ ማንም ሊተኩሰው የማይችል ሽጉጥ አሜሪካ ውስጥ ገበያ እንዳይገባ ካደረጉት ነገሮች አንዱ፣ እንዲገባ ተብሎ የወጣ ሕግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሕፃናት የአባታቸውን ሽጉጥ አንስተው እንዳይገዳደሉ በማሰብ አንድ ሕግ አጸደቀች። እንዲህ ያለው ሽጉጥ በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ገበያ ላይ ከዋለ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የኒው ጀርሲ ነጋዴዎች ሌላ ዓይነት ሽጉጥ መሸጥ አይችሉም። ታዲያ ቀድሞ የሚሸጠው ማን ነው?

በ2014 የሜሪላንድ አንድ ነጋዴ ሞከረ። የጀርመኑ አርማቲክስ የሠራው ሽጉጥ ከእጅ ሰዓት የሬዲዮ ምልክት ካላገኘ አይተኩስም። ነጋዴው ግን የግድያ ዛቻ ወረደበትና ተወው። የዛቱበት ደግሞ መሣሪያ የሚጠሉ ሳይሆኑ የሚወዱ ናቸው! (በ2017 አንድ ሀከር ይህንኑ ሽጉጥ 15 ዶላር ገደማ በሚያወጡ ማግኔቶች ያለ ሰዓቱ አስተኩሶታል፤ የተቺዎቹ ጥርጣሬ ሁሉ ከንቱ አልነበረም።)

ኒው ጀርሲ ግዴታውን ያነሳችው በ2019 ነው፤ ከ17 ዓመት በኋላ።