ባንኩ ብቻውን የጻፈው ደብተር

ባንክ ማስታረቅ እኛ አገር ለምን የቢሮ ሥራ ብቻ ሆኖ ኖረ ብሎ ለሚጠይቀኝ መልሴ ቼክ ነው። ቼክ የማይጽፍ ሰው የሚያስታርቀው ነገር የለውም። ቼክ የጻፈ ድርጅት ግን ገንዘቡን በራሱ ሌጀር ላይ ያን ዕለት ወጪ አድርጎታል፤ ተቀባዩ ቼኩን በኪሱ ይዞ ሲዞር ደግሞ ባንኩ ዘንድ ገንዘቡ አልተነካም። ሁለቱም መዝገቦች አልዋሹም፣ ቀሪያቸው ግን አይገጥምም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየወሩ የምቀመጠው ይህ ልዩነት ከምን ከምን እንደመጣ ለመዘርዘር ነበር።

የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የሚተዳደረው በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር ነበር፤ ሰዉ ብሩን ቤቱ ማስቀመጥ ይመርጥ ነበር። ከጣሊያን መባረር በኋላ፣ በ1935፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። በ1956 ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። ለእኛ ቤት ባንክ ማለት የቁጠባ ደብተር ነበር። እናቴ ደብተሯን በመስኮቱ ታቀብላለች፤ ሠራተኛው ቀኑን፣ ገቢውን፣ ቀሪውን ጽፎ ይፈርምና ይመልስላታል። እሷ በእጇ የጻፈችው ነገር የለም። ባንኩ የጻፈውን አምና ደብተሩን ከሣጥኗ ትከተዋለች። ሁለተኛ መዝገብ በሌለበት ከምን ጋር ይመሳከራል?

አሜሪካ ነገሩ ሌላ ነበር። እዚያ ለመብራቱም ለቤት ኪራዩም ቼክ የሚጽፈው አባወራው ወይም እማወራዋ ናቸው፤ ባንኩም የተከፈሉትን ቼኮች በየወሩ ከስቴትመንቱ ጋር በፖስታ ይመልስላቸው ነበር። ስኮት ኩክና ቶም ፕሩ እ.ኤ.አ. በ1983 ኢንቱዊትን ሲመሠርቱ፣ ለኩክ ሐሳቡ የመጣለት ሚስቱ በቤት ሒሳብ ስትማረር ሰምቶ ነው ይባላል። ኩዊክን ያሉት ፕሮግራማቸው ስክሪኑ ላይ ቼክ የሚመስል ቅጽ ያወጣል፤ በእጁ ሲጽፍ የኖረ ሰው ግራ አይጋባም። ማይክሮሶፍት መኒ የተባለውን ተፎካካሪ አወጣ፣ አልሆነለትም፤ ኢንቱዊትን ራሱን ሊገዛ ተስማማ፣ በ1995 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲከሰው ተወው። የማእድ ቤት ጠረጴዛ ሥራ እዚህ ደረሰ! ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ስልክ ሲደውል «እትዬ፣ እዚህ ሁሉም የራሱ ሒሳብ ሹም ነው» ይለኝ ነበር።

እኛ ደግሞ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ ነበረን። ስቴትመንቱ ጎንና ጎኑ በተበሳሳ ወረቀት ታትሞ ይመጣል። ማስመሪያውን ከአንዱ መስመር ሥር አስቀምጬ የቼኩን ቁጥር ከሌጀሩ እፈልጋለሁ፤ ሲገኝ ሁለቱም ላይ ራይት። ራይት ያላገኘው ወይ ባንክ ያልደረሰ ቼክ ነው፣ ወይ እኛ ያልመዘገብነው የባንክ ኮሚሽን። ይህ ሁሉ ተደምሮና ተቀንሶ ልዩነት ከቀረ ለ9 አካፍለው ነበር። 270 ብር ጎደለ እንበል፤ ለ9 ሲካፈል 30፣ ቀሪ የለውም። ያኔ ቁጥር የተገላበጠበትን እፈልጋለሁ፤ 5,410 የነበረው 5,140 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። ለ9 ካልተካፈለ ግማሹን እወስዳለሁ፤ ያ ቁጥር ከመዝገቡ ከተገኘ ዴቢቱ ክሬዲት ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ አለቃዬ ካልኩሌተር አይወዱም ነበር።

ከዚያ ፒችትሪ መጣ። አትላንታ ውስጥ ተወልዶ ስሙን ከዚያው ከተማ ጎዳና የወሰደ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ሴጅ ኩባንያ ስሙን ቀይሮታል፣ አዲስ አበባ ግን አልሰማችም፤ ሥልጠናውም የሥራ ማስታወቂያውም ፒችትሪ ይላል። በዓመት እስከ 13 የሒሳብ ወቅት ይፈቅዳል። ፈረንጆቹ ለእኛ ጳጉሜን አስበው አይደለም፣ ግን ጠቀመን። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የመጀመሪያውን ወቅት ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ብለን እንሞላዋለን። እስከ ጁን 30 ብቻ የታተመ ስቴትመንት ከመጣ ግን ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነውና የሰባት ቀን ቼክ ይጎድላል፤ ተመልሶ ባንክ መሄድ ነው።

ማስታረቂያው መስኮት ላይ የስቴትመንቱን ቀሪ ትጽፋለህ፣ የተከፈሉትን ቼኮች ምልክት ታደርጋለህ፤ ከሥር ያለው ልዩነት ዜሮ ሲሆን ጨረስክ። ማስመሪያው ቀረ፣ ድምሩም አይሳሳትም። የማልወደው ልዩነቱን በማስተካከያ ምዝገባ የሚያጠፋውን መንገድ ነው። ኩዊክንም ይህ አለው። ቅርንጫፍ ቢሮ ሄጄ ፋይል ስመረምር መጀመሪያ የምከፍተው እነዚህን ምዝገባዎች ነበር፤ አንድ ጀማሪ ለ9 ማካፈል ሲሰለቸው ጉድለቱን የሚደብቀው እዚያ ነው።

ቤት ውስጥ ግን ሁለተኛው መዝገብ አሁንም አልገባም። ከቁጠባ ደብተሩ በቀጥታ ወደ ሞባይል ባንኪንግ ተሻገርን፤ በ2013 ቴሌብር ተጨመረ። ቀሪያችንን የሚነግረን አሁን የስልክ መልእክት ነው፣ ጸሐፊው ግን ያው ባንኩ ብቻ ነው። ጽፎ የሚይዝ ያየሁት የሰፈራችንን ባለሱቅ ነው። በባለ መስመር ደብተር የደንበኛውን ስምና ብሩን ያሰፍራል፤ ማታ ሱቁን ሲዘጋ ከቴሌብሩ ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ ያመሳክራል፣ ራይቱም በቀይ ነው። ባለፈው 150 ብር አልገጥም አለው። አንድ ጎረምሳ የትናንቱን ክፍያ ስክሪንሾት አሳይቶት ዘይት ይዞ ሄዷል። ባለሱቁ ስሙን ከደብተሩ አግኝቶ በማግስቱ እናቱ ፊት አስከፈለው።