የመርከበኞች ማኅበር ባሕሩ ከራቀ በኋላ

ገበሬ ከማሳው፣ ነጋዴ ከገበያው፣ አናጢ ከመጋዙ ቢለይ ሥራው ይቀርበታል እንጂ ጎረቤቱ አይቀርበትም። መርከበኛ ግን ከባሕር የተለየ ዕለት ከሥራው፣ ከጓደኞቹና ከሚነጋገርበት ቋንቋ ጭምር ባንድ ጊዜ ይለያል። ለዚህም ምክንያቱ መርከብ ሥራም ቤትም መንደርም በመሆኗ ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረው ያደሩ፣ ሌሊቱን በተራ ዘብ ቆመው ያነጉ፣ ማዕበል በተነሣ ጊዜ ሕይወታቸውን አንዱ በሌላው እጅ ያኖሩ ሰዎች ወደ የብስ ተመልሰው ያን ኑሮ ላላየ ሰው ሊያስረዱ ቢሞክሩ ቃሉ ራሱ ያጥራቸዋል። ስለዚህ ባሕርን በሚያውቁ አገሮች ሁሉ የመርከበኞች ክበብና ማኅበር የሙያው አንድ ክፍል ሆኖ ሲታሰብ ኖሯል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ፣ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ምን እንዳጋጠመው፣ ዛሬም ከባሕር ርቃ እንደ ሐዋሳ ባለች ከተማ የመርከበኞች ማኅበር ቢቋቋም በምን ሥርዐት ሊመራ እንደሚገባው ነው።

የመርከበኞች ክበብ መነሻው ገበታ ነው። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ልማድ በአንድ ገበታ የሚመገቡ ሰዎች የወጪያቸውን ድርሻ ያዋጣሉ፤ ከመካከላቸውም ገበታውን የሚመራና ሒሳቡን የሚይዝ ይሰየማል። በመኰንኖች ገበታ ላይ ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ መከራከር የተነወረ ነው፤ ለወራት ከመርከብ ሊወርድ የማይችል ሰው ከጎኑ ከተቀመጠው ጋር ቢቀያየም ጉዳቱ ለመርከቢቱ ሁሉ ነውና። ለንጉሥ ክብር ጽዋ በሚነሣበት ጊዜም ባሕረኞች እንደ ምድር ጦር ሳይቆሙ ተቀምጠው ይጠጣሉ። የጥንት መርከቦች ጣራቸው ዝቅተኛ ስለ ነበረ ከዚያ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። መርከቦቹ ሰፍተው ጣራቸው ከፍ ካለ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ልማዱ ግን አልቀረም።

በወደብ ከተሞች ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። የብዙ ወር ደመወዙን ይዞ ከመርከብ የወረደ ሰው በአሳዳሪዎችና በመጠጥ ሻጮች እጅ ወድቆ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶ ኪሱን ይቀር ነበር። ይህን በመመልከት በ19ኛው ምእት ዓመት በልዩ ልዩ ወደቦች ለመርከበኞች ማረፊያ የሚሆኑ ቤቶች ተከፈቱ፤ በእንግሊዝ አገር በ1856 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የመርከበኞች ሚሲዮን ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ነው። ጉዳዩ ከበጎ አድራጊዎች እጅ ወደ መንግሥታት እየተላለፈ ሄዶ፣ በ1936 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መርከበኞች በወደብ ስለሚያገኙት መስተንግዶ የውሳኔ ሐሳብ አወጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ደግሞ በወደብ የሚገኙ የመዝናኛና የመረዳጃ ቤቶች በዜግነት፣ በዘር፣ በሃይማኖትና በፖለቲካ አስተያየት ሳይለዩ ለመርከበኛ ሁሉ ክፍት እንዲሆኑ ያዛል። ከአገልግሎት የወጡት ባሕረኞችም የራሳቸውን ማኅበር አደራጁ። የእንግሊዝ የቀድሞ ባሕረኞች ማኅበር በ1950 እ.ኤ.አ. ዛሬ የሚጠራበትን ስም ይዞ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ንጉሣዊ የመተዳደሪያ ጽሑፍ ተቀብሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተዋሐደች በኋላ መንግሥት የራሱን ባሕር ኃይል ለማቋቋም ተነሣ። ባሕር ኃይሉ በ1955 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ዋና ሰፈሩም ምጽዋ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በአሥመራ የባሕር ኃይል ኰሌጅ ተከፈተ፤ ትምህርቱም 52 ወር የሚፈጅ ነበር። ድርጅቱን በማቋቋም የኖርዌይ መኰንኖች ረድተዋል፤ ከእንግሊዝ ባሕር ኃይል በጡረታ የወጡ ሰዎችም በአስተማሪነት አገልግለዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችው 95 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የማሠልጠኛና የአዛዥነት መርከብ ሆነች። በምጽዋ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀንም የልዩ ልዩ መንግሥታት የጦር መርከቦች እየመጡ ይካፈሉ ነበር።

ከደጋ አገር መጥተው ባሕርን መጀመሪያ ያዩት በምልመላው ጊዜ የሆኑ ብዙ ወጣቶች ከአስተማሪዎቻቸው የተቀበሉት የመርከብ አነዳድና የመድፍ አተኳኰስ ብቻ አልነበረም፤ የገበታውንም ሥርዐት አብረው ተቀበሉ። ይህ ሥርዐት ግን ለኢትዮጵያዊ ሰው ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። በተራ ጽዋ የሚያነሡ የማኅበር ሰዎች፣ በዕቁብ ዕጣ የሚያወጡ ነጋዴዎች፣ ጎረቤታቸውን በሐዘኑ ቀን የማይለዩ የዕድር አባሎች መዋጮንና ተራን፣ ዳኝነትንና መቀጮን ከጥንት ያውቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 404 ማኅበር ማለት ሁለት ወይም ከሁለት የበለጡ ሰዎች ትርፍ ከማግኘት ወይም ከመከፋፈል ሌላ ለሆነ ዓላማ የሚያደርጉት ስብስብ መሆኑን ሲደነግግ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ ይኖርበት ለነበረው ነገር የሕግ መልክ ሰጠው ማለት ይቻላል። እንግዲህ በኢትዮጵያዊው ባሕረኛ ዘንድ ሁለት ልማዶች ተገናኙ፤ አንዱ ከባሕር የመጣ ገበታ፣ ሁለተኛው ከአገር ቤት የመጣ ዕድር።

ከዚህ በኋላ የመበተን ዘመን መጣ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ካስገደላቸው ስድሳ ያህል ሰዎች አንዱ ሆኑ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ በጦርነት ተያዘች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች አብዛኞቹ ወደ የመን ተሻገሩ፤ ስንት ወጣት የሠለጠነባት «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብም በዚያው ቆይታ ለብረትነት ተሸጠች። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ስትሆን ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ የባሕር ዳርቻ አልቀራትም፤ የቀረው ባሕር ኃይልም በ1996 እ.ኤ.አ. ፈረሰ። የአንድ ክፍለ ጦር ሰዎች ቢበተኑ ወደ ሌላ ክፍለ ጦር ሊመደቡ ይችላሉ። ባሕረኛው ግን የሚመደብበት ሌላ ባሕር አልነበረውም። ጥቂቱ በውጭ አገር ቀረ፤ የቀረውም ወደየትውልድ ቦታው ገብቶ ሹፌር፣ መካኒክ፣ መምህር፣ ነጋዴ ሆነ።

የንግድ መርከበኛው ዕድል ከዚህ ይለያል። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ መርከብ ድርጅት በጅቡቲ ወደብ እየተጠቀመ ሥራውን ቀጠለ፤ በ2004 ዓ.ም. ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ አገልግሎት ድርጅት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በቻይና ካሠራቸው መርከቦች አንዷ ነዳጅ ጫኝ ስሟ «ሐዋሳ» ነበር። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የተከፈተው የባሕር ማሠልጠኛ ተቋምም በልዩ ልዩ አገር መርከቦች የሚሠሩ ወጣት መሐንዲሶችን ሲያወጣ ቆይቷል።

ባሕር ላጣ አገር የመርከበኛ ማኅበር ምን ይረባል የሚል ሰው ቢኖር የሌሎችን አገሮች ታሪክ ይመልከት። ኦስትሪያ በ1918 እ.ኤ.አ. ፖላንና ትሪየስቴን ከነመርከቦቿ ስታጣ ከባሕር ተለየች፤ ነገር ግን የባሕር ጓዶች ማኅበራት ከአንድ መቶ ዓመት በኋላም በከተሞቿ ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ አባሎች በሕይወት የሉም፤ ማኅበሮቹን ያቆዩአቸው መዝገብ መያዛቸውና ባሕር ላይ ያልዋሉ ወጣቶችን መቀበላቸው ነው። ቦሊቪያም በ1879 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ጦርነት የባሕር ዳርቻዋን ብታጣ ባሕር ኃይሏን በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ይዛ በየዓመቱ የባሕርን ቀን ታከብራለች።

ሐዋሳን እዚህ ላይ በምሳሌነት ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዪቱ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቈረቈር ከመጀመሪያ ሠፋሪዎቿ መካከል በጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩባት፤ ስለዚህ ከአገልግሎት የወጣን ሰው ማኖር ከልደቷ ጀምሮ የታወቀ ነገሯ ነው። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውና መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቋም ዓሣ አጥማጆችንና ጀልባ ነጂዎችን ሲያኖር ቆይቷል። በአሞራ ገደል ማለዳ ዓሣውን የሚያወርድ ሰው ቀይ ባሕርን ባያይም፣ ነፋስ ሲነሣ ምን መደረግ እንዳለበት ከመርከበኛው ጋር ሊነጋገር ይችላል።

በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚቋቋም ማኅበር እንዴት ይመራ ቢባል፣ ከላይ ያየነው ታሪክ አምስት ነገር ያስተምረናል።

አንደኛ፣ በመርከብ ላይ የነበረው ማዕርግ በማኅበሩ ደጃፍ ይቅር። አድሚራሉም መልሕቅ ጣዩም እኩል ያዋጡ፤ እኩል ድምፅ ይስጡ። ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በምርጫ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሾሙ። ብዙ የአገራችን ማኅበሮች የፈረሱት መሥራቻቸው ወንበሩን እንደ ርስት በመቍጠሩ ነውና።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ በሦስት ይከፈል፤ አንዱ ለዕድር፣ አንዱ ለክበቡ ወጪ፣ አንዱ ለመታሰቢያና ለትምህርት። የዕድሩ ገንዘብ ለድግስ፣ የድግሱም ለዕድር አይነካ። ሒሳቡም በየሦስት ወሩ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት ሲፈልግ በ1113/2011 ቁጥር በወጣው አዋጅ መሠረት ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ የመኰንኖቹ ገበታ የተወልን ልማድ ይጠበቅ። የኢትዮጵያ ባሕረኞች በሦስት መንግሥታት ውስጥ ያለፉ፣ አንዳንዶቹም በጦርነቱ ምክንያት ወንድም ከወንድም የተለያዩ ናቸው። በገበታ ላይ የትናንቱን ቂም የሚቀሰቅስ ክርክር ከተፈቀደ ማኅበሩ ዓመት አይሞላውም።

አራተኛ፣ ክበቡ መጠጥ ቤት እንዳይሆን ይታሰብበት። በወደብ የመርከበኞች ማረፊያ እንዲከፈት ያደረገው መከራ ይኸው ነበርና፣ መድኀኒቱ ራሱ በሽታውን ማምጣት የለበትም። የሟች አባሎች ሚስቶችና ልጆችም ከገበታው እንዳይለዩ ሕጉ ያዝዝ።

አምስተኛ፣ ማኅበሩ ለአገር የሚሰጠው ነገር ይኑረው። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ያስጽፉ፤ ፎቶግራፋቸውና የአገልግሎት ደብተራቸው ይሰብሰብ። ለጀልባ ነጂዎችና ለሐይቁ ዳር ልጆች ዋናንና ከመስጠም ማዳንን ያስተምሩ። ከረጅም ጉዞ ለዕረፍት የሚመለሰው ወጣት መርከበኛም እንደ ልጅ ይታይ እንጂ እንደ እንግዳ አይታይ።

ከእነዚህ ሁሉ ይህ የመጨረሻው ጊዜ የማይሰጥ ነው። መንግሥት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባሕር ኃይሉን እንደ ገና ለማቋቋም መወሰኑን አስታውቋል። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ አስተማሪም ከውጭ ይመጣል፤ ይህ በ1950ዎቹም ተደርጓል። ከምጽዋ ትምህርት ቤት የወጣው ኢትዮጵያዊ ባሕረኛ ያካበተው ልምድ ግን ከየትም አገር ተገዝቶ አይመጣም፤ ያለውም በሽበታሞቹ ራስ ውስጥ ብቻ ነው። በየዓመቱ ከእነርሱ አንዳንዱ ያልፋል፤ በሚቀበርበትም ቦታ ጎረቤቶቹ ደግ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራሉ፤ በየትኛው መርከብ ላይ በምን ተግባር እንዳገለገለ የሚናገር ግን ላይገኝ ይችላል። በደንብ የሚመራ ማኅበር ይህን የሚናገር ሰው በቀብሩ ላይ እንዲቆም ያደርጋል፤ የተናገረውም በመዝገብ ይገባል። ወጣቱ መርከበኛ ያን መዝገብ ገልጦ ሲያነብ ከእርሱ በፊት ባሕሩን ያወቁ አባቶች እንደ ነበሩት ይረዳል፤ ማኅበሩም የተቋቋመበትን ፍሬ ያን ጊዜ ያያል።