የተማሪው መድረክና የከፋዩ እጅ፦ ከንግሥ በዓል እስከ ሮብ ገበያ

(ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ንግግሬን ከአንድ ማመልከቻ ልጀምር። ባለፈው ዓመት በሮብ ገበያ የሚገኝ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለባህል ትርኢት ገንዘብ ሲጠይቅ ደብዳቤውን በማርቀቅ ረድቼ ነበር። የተጠየቀው ሁለት ከበሮ፣ አንድ ማሲንቆ፣ ለልብስ የሚሆን ጨርቅና ለአንድ አሠልጣኝ የመጓጓዣ አበል ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ከጮቄ ተዳፋት የሚወርዱ የገበሬ ልጆች፣ የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች፣ በቤታቸው አገውኛ ወይም ኦሮምኛ የሚነገር ልጆችም አብረው ይማራሉ። የመምህራኑ ሐሳብ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን ዜማና ጭፈራ ለጓደኞቹ እንዲያሳይ ነበር። መልሱ አጭር ሆኖ መጣ፤ ለመዝናኛ የተያዘ በጀት የለም የሚል።

«መዝናኛ» የምትለዋ ቃል ከነከነችኝ። የታሪክ ሰው ስለሆንኩም ወደ ኋላ ዞሬ ጠየቅሁ፤ በአገራችን ለተማሪ መድረክ ሲከፍል የኖረው ማን ነው? የሚከፍለውስ ስለ ምን ነበር?

የዘመናዊው ቴአትራችን መነሻ ተደርጎ የሚጠቀሰው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው። በአውሬዎች ተረት ተሸፍኖ የዘመኑን ሹማምንት በመተቸቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መድረኩ ዳግም ነፍስ የዘራው በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነው። ሙያተኛ ተዋናይ ገና ስላልነበረ ተዋናዮቹ ተማሪዎች፣ ደራሲዎቹም መምህራን ነበሩ፤ የሴቶቹን ቦታ ሳይቀር ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር። ከደራሲዎቹ አንዱ የዚሁ የጎጃም ልጅ፣ በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማረው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ ከአርመናዊው የሙዚቃ ሰው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ሠርቷል፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መዝሙር ግጥም የእርሱ፣ ዜማው የናልባንዲያን ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተከበረው የንግሥ በዓል የቀረበበት ጊዜ ለዚህ መድረክ የተመቸ ጊዜ ነበር። ከፋዩ ቤተ መንግሥት፣ ምክንያቱም ክብረ በዓል ሆነ።

በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። ንግግሩም ዘፈኑም ሕዝቡን ለመከላከል ለማነሣሣት ዋለ። በደርግ ዘመን ደግሞ የኪነት ቡድን ከቀበሌ እስከ ትምህርት ቤት ተስፋፋ፤ ብዙ ልጅ መድረክ ላይ ቢወጣም የሚዘምረው አብዮቱን ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ ፈጽሞ ጠፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ሲመጣ ግን አንድ በዓል ወይም አንድ ዓላማ ተከትሎ ይመጣል፤ ያ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅሁትም። እኔም በልጅነቴ የኪነት ቡድን አባል ነበርሁ። ከባድ እንግዳ ይመጣል ተብሎ አዲስ ልብስ ተሰፋልን፤ ጨፈርን፤ ተጨበጨበልን። እንግዳው በሄደ ማግስት ልብሱ ተቆጥሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆለፈበት። ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሲደርስ እናቶቻችን ፊት የቆምነው በዘወትር ልብሳችን ነው። ልብሱ ለእኛ አለመሰፋቱን ያን ቀን ገባኝ።

ከዚህ የተለየ ምሳሌ በአገራችን የለምን? አለ። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ሲጠና፣ አንዷ እናት እፍኝ ቆሎ፣ ሌላዋ ቁራሽ እንጀራ ትሰጠዋለች። ቅኔህን በእኔ ውዳሴ ጀምር ያለችው ግን የለችም። ሰጪው ብዙ፣ ስጦታው ጥቂት፣ ልማዱም የዘወትር ስለነበር ትምህርቱ የማንም ግል ሳይሆን ዘለቀ። ኑሮው መራር እንደነበረ አልዘነጋም፤ ውሻውም ረሀቡም እውነት ነው። መከራው እንዲደገም አልመኝም። የምፈልገው ድጋፉ ሳይቋረጥ ከብዙ እጅ መምጣቱን ነው።

«ወንበርና መጽሐፍ ያልተሟላለት ትምህርት ቤት ከበሮ ምን ያደርግለታል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና የእይታ ጥበባት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው፤ መምህር ይመደብለታል፣ ልጁም ይፈተንበታል። ለሳይንስ ትምህርት መሣሪያ መጠየቅ መዝናኛ ካልተባለ የክወና ትምህርት ከበሮም እንዲሁ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ለመመሥረት ሲንተባተብ የሚሳቅበት ልጅ፣ የአባቱን ጭፈራ ሲያሳይ ክፍሉ በሙሉ ይከተለዋል። ለዚያ ልጅ ትምህርት ቤቱ የእርሱም የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻውን እንደገና ጻፍነው። የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብር አራት ዐቢይ ርእሶች አሉት፤ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት ሁኔታና አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጥያቄውን በመጨረሻው ሥር፣ ከበዓል ዝግጅት ጋር አስቀምጦት ነበር። ሁለተኛው በመማር ማስተማር ሥር አሰፈረው፤ ገንዘቡም ለአንድ ቀን ዝግጅት ሳይሆን ትንሽም ቢሆን በየዓመቱ በዕቅድ እንዲያዝ ጠየቀ። ወላጆችም በኅብረታቸው ስብሰባ መከሩ። ከተማዋ ስሟን ባገኘችበት በረቡዕ ገበያ ቀን፣ የቻለ ገብስ፣ የቻለ ድንች ይዞ መጣ፤ ተሸጦ ገቢው በደረሰኝ ተመዘገበ። ይህ ግን መንግሥትን ከኃላፊነቱ የሚያሳርፍ መሆን የለበትም፤ ያልቻለ ወላጅ ልጅም ከመድረኩ መውረድ የለበትም።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል? ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ዜማና ተረት ከገጠር ቀድተው ይመለሳሉ። ከቀዱት ጥቂቱን ለእነዚያው ልጆች መመለስ፣ በወር አንድ ቀን ሄዶ ማሠልጠን፣ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

የሁለተኛው ማመልከቻ መልስ ገና አልደረሰም። በገብሱና በድንቹ ገንዘብ አንድ ከበሮ ተገዝቷል፤ በመምህራን ክፍል ጥግ ተቀምጧል፤ ቁልፉም በትምህርቱ መምህር እጅ ነው። ማሲንቆው ይቀራል።