ጠዋት ጠዋት መንጋጋችሁን ያማችኋል? ማታ እንዴት እንደምትተነፍሱም ጠይቁ

ከእንቅልፍ ስትነሱ መንጋጋችሁ ድርቅ ብሎ፣ ጆሯችሁ ስር ወጋ ወጋ አድርጓችሁ ያውቃል? አፋችሁን ስትከፍቱ "ቀጭ" የሚል ድምፅስ?

እኔን ለወራት እንዲህ ያደርገኝ ነበር። ጥርሴ ነው ብዬ ማስታገሻ እየዋጥኩ ከረምኩ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ "ጥርስህ ደህና ነው፣ ማታ ማታ ስለምታፋጭ ነው" ተባልኩና ጥርስ ላይ የሚደረግ መከላከያ ሊሠራልኝ ቀጠሮ ተያዘ። ታንኮራፋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ነገሩ የታወቀው ታናሽ ወንድሜ አንድ ሌሊት በስልኩ ቀድቶ ሲያሰማኝ ነው። መጀመሪያ ማንኮራፋት፣ ከዚያ ፀጥ፣ ከዚያ ከውሃ ውስጥ እንደወጣ ሰው አየር መሳብ፣ ወዲያው ደግሞ የጥርስ መፋጨት። "እኔማ የሞትክ መስሎኝ ነበር" አለኝ።

መንጋጋና ትንፋሽ ምን ያገናኛቸዋል? ሳነብና ሐኪሞችን ስጠይቅ ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

የመንጋጋ መገጣጠሚያ የቱ ጋ ነው?

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈት ዝጋ አድርጉ። ከጣታችሁ ስር የሚንቀሳቀሰው እሱ ነው። በግራና በቀኝ አንድ አንድ አለ። የታችኛውን መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር ያገናኛል። እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፣ በዚያ ላይ ወደፊት ይንሸራተታል። በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ የሚያገለግል ቀጭን ዲስክ አለ።

የዚህ መገጣጠሚያ ወይም የምናኝክባቸው ጡንቻዎች ችግር በሕክምና ቋንቋ ቲ.ኤም.ዲ ይባላል። ምልክቶቹ ጆሮ አካባቢ ሕመም፣ ጠዋት ላይ የመንጋጋ መድከም፣ አፍን በሰፊው መክፈት አለመቻልና በጆሮ ግንድ በኩል የሚመጣ ራስ ምታት ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉት ላይ ሲሆን ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ብቻውን ሕመም ከሌለው ብዙም አያስጨንቅም።

ስሊፕ አፕኒያስ?

ስንተኛ የጉሮሯችን ጡንቻዎች ይላላሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ከመላላትም አልፎ የአየር መንገዱ ይጠባል ወይም ጭራሽ ይዘጋል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አእምሮ ይሄኔ ደንግጦ ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል። ጠዋት ግን ምንም አያስታውስም።

ሐኪሞች ደረጃውን የሚያወጡት ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ ወይም እንዳነሰ ቆጥረው ነው፦

- ከ5 በታች፦ ጤናማ
- ከ5 እስከ 14፦ ቀላል
- ከ15 እስከ 29፦ መካከለኛ
- 30 እና ከዚያ በላይ፦ ከባድ

በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው ማለት ነው። እንዲህ ያደረ ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ቢነሳ ምን ይገርማል?

ችግሩ ድካም ብቻ አይደለም። ሳይታከም የቆየ ስሊፕ አፕኒያ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ይያያዛል። መሪ ይዞ ማንቀላፋትም አለ፤ ባጃጅም ሆነ ሚኒባስ ለሚነዳ ሰው ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ታዲያ ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?

አንደኛ፣ ቦታቸው አንድ ነው። ምላስ የተያያዘው ከታችኛው መንጋጋ ጋር ነው። በጀርባ ስንተኛ መንጋጋ ወደ ኋላ ሲሄድ ምላስም አብሮ ወደ ኋላ ይወድቅና መንገዱን ያጠባል። ለዚህ ነው የታችኛው መንጋጋቸው ትንሽ ወይም ወደ ኋላ ገባ ያለ ሰዎች ቀጭን ሆነውም ስሊፕ አፕኒያ ሊይዛቸው የሚችለው። "ወፍራም ሰው ብቻ ነው የሚይዘው" የሚባለው ልክ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጥርስ ማፋጨት አለ። አእምሮ ለቅጽበት ሲነቃ ልብ ምት ይፈጥናል፣ የማኘኪያ ጡንቻዎችም ሊኮማተሩ ይችላሉ። ይሄ ሌሊቱን ሙሉ ሲደጋገም ጡንቻውም መገጣጠሚያውም ሳያርፍ ያድራል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ማፋጨቱ መንጋጋን ወደፊት አምጥቶ አየር መንገዱን ለመክፈት የሚደረግ ትግል ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ይሄ ግን ገና ያልተረጋገጠ ሐሳብ ነው። ጥርሱን የሚያፋጭ ሁሉ አፕኒያ አለበት ማለትም አይደለም። ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስፋጫሉ።

ሦስተኛ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመም ይበረታበታል። እንቅልፍ ሲቆራረጥ ሰውነት ሕመምን የመቻል አቅሙ ይቀንሳል። ሕመሙ ደግሞ በተራው እንቅልፍ ይነሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ይጎትታል።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ18 እስከ 44 ዓመት የሆኑ፣ ሲጀመር የመንጋጋ ሕመም ያልነበረባቸውን ከ2,500 በላይ ሰዎች ተከታትሏል። የስሊፕ አፕኒያ ምልክት የነበረባቸው ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በ73 በመቶ በበለጠ ለመንጋጋ ሕመም ተጋልጠው ተገኙ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ምልክቱ ቀድሞ ነበር፣ ሕመሙ በኋላ መጣ።

በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 53 የመንጋጋ ሕመምተኞችን በእንቅልፍ ላብራቶሪ አስተኝቶ መረመረ። 28 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ስሊፕ አፕኒያ ተገኘባቸው።

ይሄ ማለት ግን መንጋጋውን ያመመው ሁሉ ትንፋሹ ይቋረጣል ማለት አይደለም። ግንኙነት አለ ማለትና አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ይለያያል። ማጣራት ተገቢ ነው ለማለት ግን ይበቃል።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው

ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ማታ ላይኛው ጥርስ ላይ የሚደረግ የፕላስቲክ መከላከያ ነው። ጥርስ እንዳያልቅ ይጠብቃል፣ ጥሩ ነው። ስሊፕ አፕኒያ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሊለይ ይችላል። በ2004 የታተመ አነስተኛ የካናዳ ጥናት አፕኒያ ያለባቸው 10 ሰዎች ይሄንን አድርገው ሲተኙ በአምስቱ ላይ የትንፋሽ መቋረጡ ከ50 በመቶ በላይ ጨምሮ አገኘው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም መከላከያ ከማሠራት በፊት ስለ ማንኮራፋት መናገር ምንም አያስከፍልም።

በተቃራኒው ለአፕኒያ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ አለ፤ የታችኛውን መንጋጋ ትንሽ ወደፊት አውጥቶ ይይዛል። ይሄኛው አየር መንገዱን ይከፍታል፣ ግን መገጣጠሚያውን ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ መንጋጋው የሚያመው ሰው ሳይመረመር ማድረግ የለበትም፤ ከኢንተርኔት አዝዞ በሙቅ ውሃ አለስልሶ መንከስ ደግሞ ጭራሽ አይመከርም። ለከባድ አፕኒያ ዋናው ሕክምና ሲፓፕ ነው። ከአውስትራሊያው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን በ1981 ጀምሮ የሚታወቅ፣ በጭምብል አየር እየገፋ መንገዱን ክፍት አድርጎ የሚያሳድር ማሽን ነው።

ዛሬውኑ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

1. ቅዱት። ስልካችሁን አልጋ አጠገብ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ሌሊት ድምፅ ቅዱ። አብሯችሁ የሚተኛ ካለ ጠይቁት። ቅጂው ምርመራን አይተካም፤ ለሐኪም ለማሰማት ግን ይጠቅማል።
2. ሁለቱንም ተናገሩ። ጥርስ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስለ እንቅልፋችሁ፣ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ስለ መንጋጋችሁ ንገሩ። ቀን ቀን ማንቀላፋት፣ ጠዋት ራስ ምታትና የደም ግፊት ካለ እሱንም።
3. የእንቅልፍ ምርመራ ካለ ጠይቁ። በሁሉም ጤና ተቋም አይገኝም፣ ግን አፕኒያ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በሱ ነው።
4. መንጋጋችሁን አሳርፉ። ማስቲካ ተዉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቁርጥ ለጊዜው ይቆዩ። ለብ ያለ ፎጣ ያዙበት። ቀን ላይ ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ግን ሳይነካካ ይሁን።
5. ጫት የምትቅሙ፣ ይሄ እናንተንም ይመለከታል። ለሰዓታት በአንድ ጎን ማኘክ መገጣጠሚያውን ያደክማል፣ ምርቃናው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ከዚያ ለመተኛት ብሎ መጠጣት ይባስ ነው፤ አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ የበለጠ ያላላል።
6. በጎን ተኙ። በጀርባ ስትተኙ ብቻ የሚብስባችሁ ከሆነ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

መንጋጋ ተቆልፎ አልከፈትም ወይም አልዘጋም ካለ በዚያው ቀን ታዩ። የመንጋጋ ሕመሙ ከደረት መጫን፣ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከላብ ወይም ወደ ክንድ ከሚሄድ ሕመም ጋር ከመጣ ደግሞ ስለ ጥርስ አታስቡ። የልብ ድካም ጥቃት ሊሆን ይችላል፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

እኔ መከላከያውን ከማሠራቴ በፊት ተመርምሬ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ አፕኒያ ተገኘብኝ። አሁን በሕክምና ላይ ነኝ፤ መንጋጋዬ ሙሉ በሙሉ ባይተወኝም ጠዋት ማስታገሻ ፍለጋ መነሳት ቀርቷል። ወንድሜ ያቺን ቅጂ እስካሁን አላጠፋትም፣ ሲፈልግ ይስቅብኛል።

እናንተም ማታ የሚያንኮራፋ፣ ጠዋት መንጋጋውን የሚያሸት ሰው ካወቃችሁ ከመሳቃችሁ በፊት ቅዱለትና ይሄን ላኩለት።