ፍርድ ቤት ለልጅ የሚሾመው ሞግዚት እስከ መቼ ያገለግላል?

እናትና አባቱን ያጣ ወይም በገዛ ቤቱ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ስለ እሱ የሚናገርለት ማነው? ደግሞስ እስከ መቼ? መካነ ሰላም፣ ወግዲ፣ ከለላና አማራ ሳይንት ላላችሁ ተከታታዮቻችን ይጠቅማል ያልነውን አጠር አድርገን አቅርበነዋል።

👉 መጀመሪያ ስሞቹን እንለይ

ሕጉ ሁለት ኃላፊነቶችን ይለያል። አሳዳሪ የልጁን አስተዳደግ፣ ጤናና ትምህርት ይከታተላል። ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በሕግ ጉዳይም ይወክለዋል። እኛ በተለምዶ ሁለቱንም «ሞግዚት» ነው የምንለው፤ አንድ ሰውም ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ወላጆች ካሉ ሥልጣኑ የእነሱ ነው። ከሌሉ ወደ ቅርብ ዘመድ ይሄዳል፤ ተስማሚ ዘመድ ከጠፋ ፍርድ ቤት ሌላ ሰው ይሾማል።

በእኛ አካባቢ ጉዳዩ የሚታየው በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ደግሞ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ይሠራል።

👉 ታዲያ እስከ መቼ?

▪️ መደበኛ ሞግዚት፦ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ። ከዚያ በፊት የሚያበቃው ሞግዚቱ ወይም ልጁ ሲሞት፣ ፍርድ ቤት ሞግዚቱን ሲሽር ወይም ልጁ በጉዲፈቻ ሲሰጥ ነው። በፌዴራሉ ሕግ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ከሞግዚት አስተዳደር ቀድሞ ነፃ የሚወጣበት መንገድም አለ።

▪️ ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚሾም፦ አጎት የሟች ወንድሙ ልጅ ሞግዚት ነው እንበል። በውርስ መሬት ከልጁ ጋር ክርክር ቢገባስ? ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ የተከሳሽ ወኪል ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ለዚያ ክርክር ሌላ ሰው ይሾማል፤ ክርክሩ ሲያልቅ ሥራው ያበቃል።

▪️ ጠበቃ፦ ወንጀል ሠርቷል ተብሎ የቀረበ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮት ካልቀረበ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። የጠበቃው ሥራ ከዚያ ክስ ጋር የተያያዘ ነው።

👉 ሌላ አገርስ?

አሜሪካ ውስጥ «ካሳ» የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ሥርዓት አለ (ከእኛው ካሳ ጋር አይገናኝም)። በ1977 እ.ኤ.አ. ሲያትል ውስጥ ዴቪድ ሱካፕ የተባሉ ዳኛ ጀመሩት። በጎ ፈቃደኛው ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ሲቻል ደግሞ ልጁ ቋሚ ቤት አግኝቶ ፋይሉ እስኪዘጋ አብሮት ይቆያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በተቀያየረ ቁጥር ልጁ ያንኑ ታሪክ ከሀ ጀምሮ ይናገራል።

👉 ይህችን ያዙ

▪️ 18 ዓመት ሲሞላችሁ ሞግዚታችሁ ንብረቱን ማስረከብና ሒሳቡን ማሳየት አለበት። መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።
▪️ የልደት የምስክር ወረቀታችሁን በእጃችሁ አድርጉ። ዕድሜ ላይ ክርክር ሲነሳ ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው።
▪️ ሞግዚቱ ንብረቱን እያባከነ ወይም ልጁን እየበደለ ከሆነ 18ን መጠበቅ አያስፈልግም። ፍርድ ቤት እንዲሽረው ማመልከት ይቻላል። ጥቃት ካለ ደግሞ ለፖሊስና ለወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጅን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የልጁ ደህንነት ይቅደም ይላል። ሞግዚቱም፣ ዘመዱም፣ ዳኛውም የሚመዘኑት በዚሁ ነው።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት።