ሊኑክስ በሰቆጣ ጽሕፈት ቤት፦ የምርጫው ታሪካዊ መሠረት

ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮች ከሊኑክስ ሥርጭቶች አንዱን መምረጥ ብዙ ጊዜ የዋጋና የልማድ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። በሰቆጣ ግን አስቀድሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሥርጭቱ የአገሩን ቋንቋዎች አሟልቶ ይጽፋልን? የሚለው ነው።

በዋግ ኽምራ ደጋ ከአማርኛ ጋር የሚነገረው ቋንቋ በራሱ አጻጻፍ «ኽምጥጛ» ሲባል፣ የስሙ መጨረሻ ሆሄ እንኳ በአማርኛ ገበታ የለም። ሊነስ ቶርቫልድስ የሊኑክስን እምብርት እ.ኤ.አ. በ1991፣ ኢያን መርዶክም ዴብያንን በ1993 ሲያስተዋውቁ የግእዝን ፊደል የሚያካትት ዓለም አቀፍ ደንብ ገና አልወጣም ነበር። የፊደል ፕሮግራም አዘጋጆች ለሆሄያቱ የየራሳቸውን ቁጥር ስለሰጡ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለግእዝ ሆሄያት ቋሚ ቁጥር ሰጠ፤ ጘም ከእርባታዎቹ ጋር በዚያው ተካተተ።

ከዚያ ወዲህ ሥርጭቶችን ይበልጥ የሚለያቸው የጥገናቸው ዘመን ሆነ። በ2004 የተጀመረው ኡቡንቱ በ2012 ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚሰጠውን የረጅም ጊዜ ጥገና ከሦስት ወደ አምስት ዓመት ከፍ አደረገ። በአንጻሩ ሴንትኦኤስ 8 እስከ 2029 ይጠገናል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ በ2020 ተነገረ፤ የተማመኑበትም መሥሪያ ቤቶች ሌላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ስለዚህ የሰቆጣ ባለሙያ ከመወሰኑ በፊት ጘን ከነእርባታዋ ጽፎና አትሞ ይፈትን፤ የጥገናውን ዘመን ይጠይቅ፤ እንደ ዴብያን ካለ ኢንተርኔት ከዲስክ ሊጫን መቻሉንም ያረጋግጥ። በገዛ ቋንቋው የቀረበ የባለጉዳይ አቤቱታ ሆሄው ሳይጎድል መዝገብ የሚገባው እንዲህ ሲሆን ነው።